የእማዬ ስለት፣ የኔ ሞተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬም የአጥንት ሾርባ። ይኼኛውን የላኩት ከታችኛው ግቢ ነው። ላዩ ላይ ስቡ እንደ ሻማ ረግቷል፤ ገና ክዳኑ ሲነሳ ቋቅ አለኝ። «ጠጪው፣ አጥንትሽን ይጠግንልሻል» ይላሉ ሁሉም። ቅልጥሜ ውስጥ እኮ ብረት ነው የገባው! ብረት በሾርባ ይጠገናል እንዴ?

ከጠያቂው ግን ሾርባው ይሻላል። እግሬን ገልጠው ሳያዩ የማይሄዱ አሉ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ከንፈራቸውን መጠው «ሴት ልጅ፣ ያውም በሞተር፣ ያውም በሰው አገር» አሉ፣ እኔ እዚያው ፊታቸው ተጋድሜ። በሰፈሩ ወሬ የጣለኝ ግመል ነው። ዓይን በልቷት ነው የሚልም አለ። ግመልም የለ፣ ዓይንም የለ። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ከሞያሌ ጀምሮ በግራ ነዳሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ኢሲዮሎ አጠገብ ከጓደኛዬ ጋር ሻይ ጠጥተን ስንነሳ፣ ፒያሳ ያለሁ ይመስል በልማዴ ቀኙን ያዝኩ። ፊት ለፊቴ የጭነት መኪና መጣ። መሪውን ጠመዘዝኩና ቦይ ውስጥ ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቀሽም አወዳደቅ!

የቀኑ ትልቁ ጉድ ግን መጨረሻ ላይ መጣ። እትዬ አልማዝ ሲወጡ እማዬን «እሁድ ታስረክቢያለሽ አይደል?» አሏት።

«ምኑን?» አልኩ እኔ።

እማዬ የጋቢዬን ጫፍ ማስተካከል ጀመረች። «ሞተሩን። ለጊዮርጊስ ተስዬዋለሁ» አለች።

ማክሰኞ

እርር ድብን ብያለሁ። እሁድ ሃያ ሦስት ነው፣ የጊዮርጊስ ዕለት። ከቅዳሴ በኋላ የስለቱን ዕቃ ያጫርቱታል። ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ በግ፣ ከዚያ የኔ ሞተር! ምሳ እየዘለልኩ የገዛሁት ሞተር። አንዱ ጎረምሳ ወስዶት ቸርችልን ሽቅብ ሲያስጮኸው እዚህ ተኝቼ ልሰማ ነው።

እማዬን ዛሬ አፋጠጥኳት። «ከናይሮቢ ሲደውሉልኝ የሚሉት አልገባኝም፣ የሰማሁት ስምሽን ብቻ ነው» አለችኝ። «ሞታለች ብዬ በረንዳው ላይ ተደፋሁ። በሕይወት ካመጣህልኝ ያ ሞተር ላንተ ይሁን፣ ሁለተኛ አትነካውም አልኩት።»

«የኔን ንብረት? የራስሽን አትሳይም ነበር?»

«ያን ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው እሱ ነው።»

«ጊዮርጊስ እኮ ፈረስ አለው፣ ሞተር ምን ያደርግለታል?»

ሳቅ እንኳ አላለችም። «ስለት ቀልድ አይደለም» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቁስሌን የምታጥበው ነርስ ቤት መጣች። ጨርቁ ሲነሳ የወጣው ሽታ የኔ ገላ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። የሞተ አይጥ ነው የሚሸተው። ነርሷ «አይዞሽ፣ እየዳነ ነው» አለችኝ። መዳን እንዲህ ከሸተተ እንግዲህ!

ሐሙስ

ከእማዬ ጋር አንነጋገርም። ማለቴ፣ እሷ ታናግረኛለች፣ እኔ አልመልስም።

ሽንት ቤታችን ግቢው ማዶ ነው፣ የጋራ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ፤ በምን እንደራሰ ማሰብ አልፈልግም። ዛሬ ክራንቹ አዳለጠኝና እዚያ ላይ በግንባሬ ልደፋ ነበር። እማዬ ከኋላ ብብቴን ያዘችኝ። እስክጨርስ ድረስ ደግፋኝ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆመች። የደገፈሽን ሰው ማኩረፍ ይከብዳል። አኮረፍኩ ግን።

ደስ የሚል ነገርም አለ። አብሮኝ ኬንያ የሄደው ጓደኛዬ ዳዊት ደወለ። ሞተሩ ከሞያሌ በአይሱዙ ተጭኖ ገብቷል፣ ነገ ያመጣዋል። «ፍሬቻና መስታወት ብቻ ነው የተሰበረው፣ ካንቺ በጣም ይሻላል» አለኝ። ሳቅኩ። ከወደቅኩ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። እሁድ የሚመጣው ይምጣ፣ በሰንሰለት ከሞተሩ ጋር እታሰራለሁ እንጂ አላስነካም!

ዓርብ

አመጣው። በግቢው በር እየገፋ አስገባው። እማዬ ከጓዳ አልወጣችም። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ታንከሩ ላይ የዚያ አገር አፈር እንዳለ አለ።

«ላስነሳልሽ፣ ድምፁን ስሚው» አለ ዳዊት። አስነሳው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ያስጠላኛል። የሞቀው ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እጄ ጋቢውን ጨምድዶ ያዘና አልለቅ አለ። ያ የጭነት መኪና እንደገና የመጣብኝ መሰለኝ። «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ፤ ወዲያው የጠጣሁት ሁሉ ወጣ፣ ጋቢዬ ላይ፣ ፋሻዬ ላይ፣ ደረጃው ላይ።

«ሾርባው ነው፣ ከብዷት ነው» አሉ እትዬ አልማዝ በመስኮት። እኔም አዎ፣ ሾርባው ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። የሞተር ድምፅ የሚያስመልሳት ሴት ሆኜ አረፍኩት፣ እኔ! እማዬ ጋቢውን አጠበች፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ራሴ ራሴን ቀፈፈኝ።

ቅዳሜ

እማዬ በጠዋት ወጥታ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። የነፍስ አባቷ ዘንድ ነበረች። «የሰው ንብረት መሳልሽ ልክ አይደለም፤ ከራስሽ የሆነ ነገር ስጪ» ብለዋታል። ሀብሏን ከአንገቷ ፈትታ በመሀረብ ቋጥራዋለች። አባዬ ለሠርጋቸው ከፒያሳ ወርቅ ቤት የገዛላት ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም።

«በይ፣ ሞተርሽ ላንቺ ቀርቷል» አለችኝ። «ስትነጂ እያየሁ ብጨነቅ ይሻለኛል። ስታኮርፊኝ ግን አልችልም።»

አሁን ፈራሁ ብለሽ ንገሪያት! ሀብሉ የነበረበት ቦታ አንገቷ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። «እሺ» አልኩ። «አመሰግናለሁ» ሁሉ ብያለሁ፣ ኤጭ! የማልነዳውን ሞተር በአባቴ ወርቅ አስለውጬ ዝም። ለምን? ዳዊት ፈሪ እንዳይለኝ። እነ እትዬ አልማዝ «ብለን ነበር» እንዳይሉ። የቁስሌ ሽታ እንኳ እንዲህ አልጠነባብኝም።

እሁድ

ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ስትደርስ ጠራኋት።

«እማዬ፣ ሀብሉን ተዪው። ሞተሩን ውሰጂ።»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ፈራሁት። ዓርብ ዕለት ያስመለሰኝ ሾርባው አይደለም።»

ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ተቆጣች! «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ያንገበገብሽኝ ለምንድን ነው? አባን በከንቱ አደከምኳቸው! ጊዮርጊስን ሀብሉንም እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ እኮ፣ አሁን ሁለቱንም ልስጠው?» አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መሀረቡን ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በጣም ነው የፈራሽው?» አለችኝ።

«በጣም።»

ሆስፒታል ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ፣ ንፍጤ እስኪወርድ። በነጠላዋ ጠረገችልኝ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን በምትሄድበት ንጹሕ ነጠላ።

ለዳዊት ደውዬ ራሴ ነገርኩት። መጣ፣ አልሳቀብኝም። «እሺ» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። እማዬ ሀብሉን አንገቷ ላይ መለሰችው። «የሀብሉን ነገር ከጊዮርጊስ ጋር እኔው እነጋገራለሁ» አለች፣ እርግጠኛ ግን አትመስልም።

በመስኮቱ አየኋቸው። ዳዊት ቁልፉን ሊያዞር ሲል እማዬ እጁን ለቀም አደረገችው።

«እንዳታስነሳው፣ ትሰማለች።»

«ማዘር፣ ዳገት እኮ ነው!»

«እኔም እገፋለሁ።»

ወጡ። ዳዊት መሪውን ይዞ፣ እማዬ ከኋላ በሁለት እጇ እየገፋች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወረደ። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ቆመው አረፉ። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። አላስነሱትም።