አባዬ፣ ማሽንህን ለቅሶ ላይ ነቀሉት

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

አፈር ከለበስክ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ወንዶቹ መቃብርህ ድረስ እየሄዱ ሰላም ይሉሃል። እኔን ግን ሴት ልጅ መቃብር አትመላለስም ብለው ከለከሉኝ። ተከራከርኩ፣ ታውቀኛለህ። አሸነፉኝ። ስለዚህ የምነግርህን እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጻፈው፤ አንተ እንደምንም ታነበዋለህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው። እናቴ እህል ትነካካና ትተወዋለች። መናኸሪያው ጋ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤትህን አጎቴ ሰይድ ዘግቶታል፤ በሩ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን» ብለህ የለጠፍከው ወረቀት በኮቦ ፀሐይ ነጥቶ ምንም አይነበብም። እኔም ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ያ የተጣላሁት አስተማሪ ይቅርታ ትጠይቀኝ ብሏል፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይጠይቀኝ ብያለሁ። እንደተፋጠጥን አለን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ስለ ማሽንህ ነው።

ሰው ሲጠይቅህ «ደቦ ነው» ትል ነበር። «የወባ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ስሌቱ ላንድ ኮምፒውተር አይገፋም፤ ስለዚህ ቆራርሰው በየአገሩ ላለ ፈቃደኛ ያድሉታል። ለኔም ቁራሽ ይደርሰኛል። ስጨርስ በኢንተርኔት እመልሳለሁ፣ ሌላ ይሰጡኛል።» ጎረቤታችን ኢብሬ «ታዲያ ምን ይከፍሉሃል?» ሲልህ «ጀነት» አልከው። እስኪያስለው ሳቀ።

ለኔ ብቻ ስትነግረኝ ግን አልሳቅክም። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሰደቃ ጃሪያ፣ የማይነጥፍ ምጽዋት፣ ግን አይቋረጥም አልከኝ። የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው፣ ከዚያ ጉድጓድ በተጠጣ ቁጥር ቀብሩ ውስጥ ሆኖ አጅሩ፣ ምንዳው፣ ይደርሰዋል። «እኔ ጉድጓድ የማስቆፍርበት የለኝም፤ ያለችኝ ይቺ ናት» ብለህ ኮምፒውተሯን እንደ በግ ጀርባዋን መታ መታ አደረግካት።

ቁራሹ የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነበር፤ ኮምፒውተሯ ሆድ ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር። «እርጉዝ ናት» ትላት ነበር። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ያቆያታል፤ በዚያች ደቂቃ ሮጠህ መጀመሪያ የውስጧን ታስተኛለህ፣ ከዚያ የውጪዋን ትዘጋለህ። በድንገት ከተነቀለች ይጨነግፋል አልከኝ።

ወልድያ ሐኪም ቤት ልንወስድህ መኪናው በር ላይ ቆሞ እንኳን፣ ስለሷ ነበር የጠየቅከኝ። ሰማንያ ፐርሰንት አልፋለች አልኩህ። ፈገግ አልክ። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ሳንደርስ እጅህ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ፣ ከዚያ መኪናውን አዞረ።

አንተ መንገድ ላይ ቀረህ። ያቺ ቁራሽ መንገድ ላይ እንድትቀር ግን አልፈለግኩም። የመጨረሻ ሥራህ ናት። እንድትደርስልህ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል። ይገባኛል። አጎቴ ሰይድ ግን ጓዳ ገብቶ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ሲል አየ፣ ማራገቢያዋ ሲያፏጭ ሰማ። «ወንድሜ ሞቶ ይኼ ደግሞ ምን ይዘፍናል!» ብሎ ገመዱን ከጀርባዋ መንጭቆ ነቀለው። እኔ ደረስኩ። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «ገደልከው!» ብዬ ጮህኩበት። ከሴቶቹ አንዷ «ምን አድርጎት ነው?» ስትል ሌላዋ «ዝም በይ፣ ሐዘን ነው» አለቻት። አጎቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ማሽኗን እናቴ በነጠላ ሸፈነቻት፤ እንደ ሬሳ።

ነጠላውን የገለጥኩት ሰዉ ከተበተነ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ኮምፒውተሯ ተነሳች፣ የውስጧ ግን እምቢ አለ። ቀይ ጽሑፍ ይተፋብኛል። በእንግሊዝኛ ይሰድበኛል፣ በአማርኛ እመልስለታለሁ። ፕሮግራሙ ነው የተበላሸው ብዬ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭነው ነበር፤ ከሱ ጋር ቁራሽህም እንደሚጠፋ ሲገባኝ እጄን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩ።

ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀኑን አየሁት። ወደ ኋላ ሄዷል፣ በዓመታት። እኔ ገና ፊደል የምቆጥርበት ጊዜ ላይ ቆሟል። በሷ ሰዓት አንተ አለህ አባዬ። ላስተካክለው ይገባኛል፣ ግን ዝም ብዬ አየሁት። እንደዚያው ልተወው አሰኘኝ።

ምን ሆና እንደሆነ ልንገርህ፤ ትወደዋለህ። ማዘርቦርዷ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ነበር። ሶኬትና ዩፒኤስ ላይ ሆና አይታወቅባትም። አጎቴ ነቅሎ ያን ያህል ሲያስቀምጣት ግን ሁሉንም ረሳች፤ ቀኑን ብቻ አይደለም፣ አንተ ባዮስ በሚሉት መነሻ ቅንብሯ ውስጥ ገብተህ ያበራህላትን፣ በሆዷ ሌላ ማሽን እንድትሸከም የሚፈቅደውንም ረሳች። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም ነበር።

ኮቦ ውስጥ ባትሪዋን አጣኋት። ለእናቴ ስነጫነጭ አጎቴ ሰምቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ባጃጁን አስነስቶ ዋጃ ድረስ ሄዶ ሰዓት ጠጋኝ ጋ ገዝቶ አመጣት።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት» አልኩት።

ከለቅሶው ወዲህ የተነጋገርነው ይኼንኑ ብቻ ነው።

ባትሪዋን ቀየርኩ። ባዮሱን መለስኩ። ቀኑን አንተ ወደሌለህበት አመጣሁት። ወላሂ የውስጧ ማሽን ተነሳ! ትንሽ ወደ ኋላ ብትመለስም ሥራዋ አልጠፋም። መብራት ሲጠፋ እያስተኛሁ፣ ሲመጣ እየቀሰቀስኩ፣ መቶ አስገባኋት። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ፣ ዳታዬ እስኪያልቅ ላክሁ።

አልተቀበሉም። የመመለሻው ቀነ ገደብ አልፏል ይላል። ስትዘገይባቸው ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፣ እሱም ጨርሷል። ያንተ አያስፈልጋቸውም።

ሞኒተሩን አንስቼ ልፈጠፍጠው ነበር። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «አስቀምጪው። የአባትሽ ኒያ፣ ያሰበው በጎ ነገር፣ ደርሷል። አላህ ኔትወርክ አይጠብቅም» አለችኝ። ኢማሙ እንኳን እንደዚህ አይናገርም። ግን አላጽናናኝም አባዬ፣ አልዋሽህም። ኒያህንማ አውቀዋለሁ። እኔ የፈለግኩት ሥራህ እንዲደርስ ነበር፤ አልደረሰም። እኔ አፍጥኜ ባየው፣ አጎቴም ባይነቅለው፣ ይደርስ ነበር። ይኼን አልረሳም፣ ለማንም አልተውም።

ሞኒተሩን ስመልሰው ሌላ ቁራሽ መጥቶ ነበር። ማንም ሳይጠይቅ፣ በስምህ። መሞትህን አያውቁም። እኔም አልነግራቸውም። የተመዘገበበት ስም ወደኔ ይዙር ወይ የሚል ቦታ አለው፤ አልነካሁትም። ሥራው የኔ ይሁን፣ አጅሩ ላንተ ይሂድ።

ሰዎች ዱዓ ላይ ያነሱሃል፤ እያየሁት ግን እየቀነሰ ነው፣ ሰው ሆነው ነው፣ አልቆጣቸውም። እኔ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ስልኬን ሳልሰካ፣ እሷን ቀስቅሼ አስታውስሃለሁ። የኮቦን መብራት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ በቀን ስንቴ ሄዶ ስንቴ እንደሚመጣ።

ልጅህ ዘምዘም