የገበሬ ሦስት ለቅሶ

ሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

«ማን ሞተ?» አሉኝ ወይዘሮ የሺ። 

ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ሥራ ይህንኑ ጥያቄ ለሌላው ሳቀርብ ኖሬ፣ ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለእኔ ቀረበልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ትልቅ የቪዲዮ ጌም እየሠራ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው የእኛን በመሰለ ደጋ ነው፤ ገደል፣ የድንጋይ ግንብ፣ ጽድ። የደጋ ለቅሶ በእውነተኛ አልቃሽ ድምፅ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ያለው ወኪላቸው እኔን ለትርጉም፣ ከድርን ለቀረጻ ያዘን። ከድር ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሠርግ ዘፈንና መንዙማ የሚቀዳበት ስቱዲዮ አለው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ አልንቅም።

ወይዘሮ የሺ በወገራ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ከድር ማይክሮፎኑን ሲተክል ሲያዩ ቆዩና ነው የጠየቁን። የተላከልንን ወረቀት አነበብኩላቸው። ገበሬዎቹ በቁጥር ነው የተጠሩት፤ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ገበሬ ሦስት ተመትቶ ይወድቃል። ሴት ታለቅሳለች። አሥራ ሁለት ሰከንድ።

የማን ልጅ ነው? አልተጻፈም። አገሩስ? ሚስት አለችው? ማን ቀረው? እሱም አልተጻፈም።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና፣ ስም የሌለው ሰው አይለቀስም አሉ፤ ሟች ሳይኖር ሙሾ ማውረድ ሞትን ደጅ ድረስ መጥራት ነው። ከድር ሰውየው በእውነት እንደሌለ፣ ሥዕል እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ሥዕል ከሆነ ምነው ገደሉት?» አሉት።

ለእኔ ጠላ፣ ለከድር ሻይ ሰጥተው ሸኙን። ባዶ እጃችንን ጎንደር ገባን። ከከድር ስቱዲዮ ሆኜ ለኩባንያው ጻፍኩ፦ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና የቀሩትን ዘመዶቹን እንዲልኩልን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ስም አላወጣንለትም፤ የፈለጋችሁትን በሉት።

ከድር ለሥራው የተላከልንን የታሪኩን ማስታወሻ ከፍቶ አሳየኝ። ዋናው ሰው የጠፋ ሀብት ፍለጋ የመጣ ባዕድ ነው። ስም አለው፤ የአባት ስም አለው፤ የፈታችው ሚስት፣ ከአያቱ የወረሰው ሰዓት፣ ገደል የሚፈራበት ምክንያት አለው። ስለ እሱ ብቻ ገጽ በገጽ ላይ ተጽፏል። ገበሬ ሦስት ጋቢ አለው። ከጋቢው ሌላ ምንም የለውም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከድር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እኛን የሚመስል ሰው ካዩ ወይ በር ይጠብቃል፣ ወይ መንገድ ያሳያል፣ ወይ ይሞታል» አለኝ። «እኔ ራሴ ስንቱን ገድያለሁ» ብሎም ሳቀ።

የሚጽፉትም የሚስሉትም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው አለ። በክፋት አይመስለውም። አጠገባቸው ተቀምጦ «ይሄ ሰው ማን ይባላል?» የሚል ሰው ስለሌለ ነው።

እሱም አንድ ጌም ጀምሮ ነበር። ባለታሪኳ ከጎንደር እስከ መተማ በበቅሎ እየጫነች የምትነግድ ሴት ናት፤ የአያቱን እናት አስቦ። የሳላትን አሳየኝ። ሻሿን ወደ ኋላ ጠምጥማ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ፊቷ አልቋል፤ እግሯ ገና ነው። እንዲህ ያለው ሥራ መቶ ሰው ይፈልጋል፣ እኔ አንድ ነኝ ብሎ ዘጋው። ሌላ አልጠየቅሁትም።

ነገ ስም ፈጥረን ለመመለስ ተስማማን። ስም መፍጠር ምን ያቅታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

በሥራ ዘመኔ ያላደረግሁትን ዛሬ አደረግሁ። በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

በመንገድ ላይ አንድ ስም አዘጋጅቼ ነበር። ወይዘሮ የሺ «እህ፣ ማን ተባለ?» ሲሉኝ ግን ከአፌ የወጣው አስማማው ተሰማ ነው። ታናሽ ወንድሜ።

አስማማውን በደርግ ጊዜ አንድ ማለዳ ደብተሩን እንደያዘ ወሰዱት። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናታችን አጥንቱን ሳላይ አላለቅስም አለች፤ ሳታለቅስ ሞተች። ቃሏን ታላቅ እህቴ ትርንጎ ወረሰች። ትርንጎ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስሙ ሲነሳ አሁንም «ሲመጣ» ትላለች።

በ1984 ዓ.ም. አብሮት የታሰረ ሰው አገኘኝ። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ስሙ ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለተኛ ምንጭ እስካገኝ ብዬ ነው። ሁለተኛ ምንጭ አልመጣም። ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

ወይዘሮ የሺ የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። የአባት ስም። ዕድሜ። ምን ይወድ ነበር? መጻፍ። ማን ቀረው? እኔና እህቱ። እህቱ ምን ትላለች? ይመጣል ትላለች። እንደ ዜና አጫጭር አድርጌ ነው የነገርኳቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና ጀመሩ።

አስማማው ተሰማ የደብተሩ ጌታ፣
ማልዶ የወጣው ልጅ አልገባም ለማታ።
እህቱ በር ቆማ መንገዱን ታያለች፣
ማን ደፍሮ ይንገራት እዚያው አርጅታለች።

ሌላም አለ። አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከድር አላቋረጣቸውም። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሲጨርሱ ግቢው በሰው ሞልቷል። ያላሰብነው ይሄንን ነው። በአምባ ጊዮርጊስ የወይዘሮ የሺ ድምፅ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ጎረቤቱ ሥራውን ጥሎ መጣ። እግዚአብሔር ያጽናህ እያሉ እጄን ያዙኝ። ለጌም ነው ልበል? አላልኩም። አንድ ሽማግሌ የአባቴን ስም ሲሰሙ ትርንጎን እንደሚያውቋት ነገሩኝ። ልጃቸው ዛሬ ማታ ጎንደር ትወርዳለች፤ ነገ ሄዳ ታጽናናታለች አሉ። ለደግነት ነው ያሉት።

ወይዘሮ የሺ ይህን ሰምተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«እህቱ መርዶ ሰምታለች?»

አልሰማችም አልኩ።

«ምነው አያ ደምሴ» አሉኝ። «ምነው ከመርዶው በፊት አስለቀስከኝ?»

 መርዶ በምሽት በአንድ አፍ አይነገርም። ቤት ሳልገባ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ሲነጋጋ ይመጣሉ። ትርንጎ ሥራው እንዴት ሆነ አለችኝ። ደህና ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ተነገረ። የሽማግሌው ልጅ ሳትደርስ።

ገና ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታችን፣ ሁለት ጎረቤቶችና ከድር መጡ። ከድርን አልጠራሁትም፤ ራሱ ነው የመጣ። ትርንጎ ልብሷን ለብሳ ወጣች፣ ደጅ የቆሙትን አንድ በአንድ አየቻቸው። 

«አስማማው ነው» አለች።

የንስሐ አባታችን የሚባለውን አሉ። አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀች። ነገርኳት። ለምን እንደደበቅሁም ነገርኳት፤ የሰውየውን ቃል፣ ሁለተኛ ምንጭ መፈለጌን፣ እናታችን በሕይወት መኖሯን። ስናገር ለራሴም የዝግጅት ክፍል ስብሰባ መሰለኝ።

«እኔ ጋዜጣ ነኝ እንዴ ደምሴ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

አርብ፣ ኅዳር 21

ጎረቤቱ ሸራ ወጠረ፤ ወንበር ከዕድሩ መጣ። የማላውቃቸው ሰዎች አስማማውን አስታወሱ። አንዱ ሒሳብ ያስጠናው እንደነበር ተናገረ። ይህን አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ የሺ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረዱ። ማንም አልጠራቸውም። «ጅምሬን ላደርስ ነው» አሉ። ከድርን በር ላይ ሲያገኙት «አንተ ባለ ሽቦ፣ ዛሬስ ያንን ጥቁር ዱላህን አላመጣህም?» አሉት። ሰዉ ትንሽ ፈገግ አለ።

ትርንጎ እጃቸውን ይዛ፣ እዚያ ያሉትን እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። ወይዘሮ የሺ አዘኑ። ሙሾ አይደገምም አሉ፤ በዚያ ሰዓት የወጣው በዚያ ሰዓት ቀረ፤ አሁን የማወርደው ሌላ ነው። ሌላውን አወረዱላት። ሸጋ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። ትርንጎ ግን አንገቷን ደፍታ የመጀመሪያውን የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሠልስት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትርንጎ ከድርን ጠራችው። «ልጄ፣ አንተ ዘንድ አለ አይደል?»

ላፕቶፑን አመጣ። የጆሮ ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረገላት። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ፊቷን አየሁ። «እህቱ በር ቆማ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከፊቷ አወቅሁ፤ በሠላሳ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከድር ሊያቆመው እጁን ሲዘረጋ በእጇ ከለከለችው።

በኋላ ይህ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ከድር ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ጌም ነው። ገበሬ ይወድቃል፣ ይህ ይሰማል፣ ዋናው ሰው በዚያ መንገድ ይሄዳል።

«ያ ሰውዬ ምን ያደርጋል?»

ያልፋል አላት።

«ለቅሶ እየሰማ?»

ሀብቱን እየፈለገ ስለሆነ ነው አለ ከድር፤ እሱም ሲናገረው አፈረ። ትርንጎ እንባዋን ጠረገች። ለቅሶ ሰምቶ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ካለበት ወንድሜን አልሰጥም፤ ከቆመ ይውሰዱት አለች። ይህን ያለችው ለከድር ነው። እኔ እንደምጽፈው ግን ታውቃለች።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ እንዲህ ላክሁት፦

ሟቹ አስማማው ተሰማ ይባላል። ጎንደር ተወለደ። ተማሪ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እህቱ በሕይወት አለች፤ ድምፁ የሚሰጠው በእሷ ፈቃድ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ የሰማ መንገደኛ ጠላትም ቢሆን ይቆማል። የታሪካችሁ ሰው ለቅሶው እስኪያበቃ ከቆመ ትፈቅዳለች። ካልቆመ ሥራውን እንተወዋለን።

ከድር አነበበና «አይቀበሉትም ጋሼ» አለ። ጌም ውስጥ ዝም ብሎ መቆም ትልቁ ኃጢአት ነው፤ ተጫዋቹ ይሰለቻል። ቢሆንም ራሱ ነው የላከው። ከሥሩ ስሙን ከስሜ ቀጥሎ ጨመረ። ሥራውን ከተወው የሚቀርበትን ነገር አልጠየቅሁትም፤ ምናልባት ከእንዲህ ያለው ኩባንያ ጋር የመሥራት ዕድሉ ይህ ብቻ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

መልስ የለም። መብራትም የለም። ሸራው ተነሣ። ትርንጎ ምሳ አቀረበችልኝ፤ አላናገረችኝም። እንጀራውን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ከድር ወረቀት ይዞ እየተጣደፈ መጣ።

መልሱን የጻፈው ወኪሉ አይደለም። ከታሪኩ ጸሐፊዎች አንዷ ናት። አያቷ የሩቅ ደሴት ሰው እንደነበሩ፣ በእነሱም ዘንድ ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ ነውር እንደሆነ ጽፋለች። እስከ ዛሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን አንስታ አታውቅም። ትላንት አነሣች፤ ክርክር ሆነ። የተስማሙት ይህን ነው፦ ተጫዋቹን ማስገደድ አይቻልም። የቆመ ግን አራቱንም ደቂቃ ይሰማል፤ ስሙና የአባቱ ስምም ይነበባል። ያልቆመ ምንም አያገኝም። ገበሬ ሦስት የሚለው ከወረቀቱ ላይ ተሰርዟል። የመጨረሻው ውሳኔ የአለቆቿ ነው፤ ቃል መግባት አልችልም ብላለች።

ለትርንጎ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። የመጨረሻውንም።

«የፈለገ ይቆማል፣ ያልፈለገ ያልፋል ነው የሚሉት?»

አዎ አልኳት።

«እዚህስ ሌላ ነው እንዴ» አለች። ከሐሙስ ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ነው።

ስጧቸው ማለትሽ ነው ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅኋት። «ስጧቸው» አለች። ከድር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ስቱዲዮው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ለፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። አላውቀውም። ክርስትና ሲነሣ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም። ትርንጎ ታውቃለች፤ በዚያ ቀን አቅፋው የተመለሰችው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ስለተዘጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝና እኔ ለካህኑ ደገምኩላቸው።

ለኩባንያው የሰጠነው አስማማውን ነው። ይህንኛውን እዚህም አልጽፈውም።