“ይበላል” ብለው የማያውቁት እንጉዳይ ዐዋቂ፤ የወይዘሮ የሻሽወርቅ እንዳለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሻሽወርቅ እንዳለ ከአባታቸው ከመሪጌታ እንዳለ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ በላይ በ1949 ዓ.ም. በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በጭልጋ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በአይከል ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። የፍልሰታ ጾም ሲገባ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውን ነጭ እንጉዳይ ከነረጅም ሥሩ ነቅለው ለቤተሰቡ የሚያመጡት እርሳቸው ነበሩ። ሌላው ሰው የጅብ ጥላ ብሎ በእግሩ የሚገፋውን እርሳቸው ጎንበስ ብለው ያዩት ነበር።

እናታቸው ታናሽ እኅታቸውን ሃዳስን ወልደው ብዙ ሳይቆዩ ስላረፉ ሃዳስን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ትዳር ያልያዙትም በዚሁ ምክንያት ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ እርሳቸው ግን ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ያልፉት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር መጥተው በዚያው ቀሩ። በኢትዮጵያ ጎዳና አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በእንክብካቤ ሥራ ተቀጥረው እስከ ጡረታ ድረስ አገልግለዋል። ሃዳስም ባሏ ከሞተ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ሕፃን ልጇን ሕብረትን ይዛ መጥታ ሦስቱ በዚያች ክፍል መኖር ጀመሩ። ያ ዘመን ከሕይወታቸው ሁሉ የደስታቸው ዘመን እንደ ነበር ደጋግመው ተናግረዋል።

በአገር ቤት እንጉዳይ የሚመጣው ከፍልሰታ ጋር ነው፤ እዚህ ግን ዝናቡ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚጥል ከጾመ ነቢያት ጋር ይመጣል። በ1993 ዓ.ም. ጾም ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ገዳም የአትክልት ቦታ በትሩፋት ሲያገለግሉ፣ ከበሉጥ ዛፍ ሥር የልጅነታቸውን የሚመስል ነጭ እንጉዳይ አገኙ። በገዳም አጥር ውስጥ የበቀለ ነገር በረከት እንጂ ጉዳት የለውም ብለው አመኑ። የገዳም ተክል ከነሥሩ አይነቀልም ብለውም እንደ አገራቸው ሳይነቅሉት ከአፈሩ በላይ በቢላ ቆረጡት። ሥሩን ቢያዩት ኖሮ የምስጥ ኩይሳው እንጉዳይ አለመሆኑን በዚያው ይለዩት ነበር።

ወጡን ሠርተው፣ እርሳቸው እስከ ማታ ይጾሙ ስለ ነበር ድርሻቸውን ከድነው አስቀመጡ። ሕፃኗ ሕብረት አልወድም ብላ አልቀመሰችም። ሃዳስ ከሥራ ርቧት ገብታ የራሷን በላች፤ የእኅቷንም ድርሻ ከፍታ ጠርጋ በላችና እየሳቀች፣ “እትዬ፣ ያንቺንም በላሁብሽ፤ ይቅር በይኝ” አለቻቸው።

በዚያው ሌሊት ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ቀኑ ሲያልፍ ሻል አላት፤ ተነሥታ ተቀመጠች፣ ልጇን አቀፈች፣ ፀጉሬን ጎንጉኑልኝ አለች። ወይዘሮ የሻሽወርቅም ለምስጋና ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሄደው ጧፍ አበሩ። መርዙ ግን ዝም ብሎ ጉበቷን እየጨረሰ ነበር፤ ሃዳስ በዚያው ሳምንት በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ዐረፈች።

ሐኪሞቹ የጠሯቸው እንጉዳይ ዐዋቂው አቶ ሃጋይ ወይዘሮ የሻሽወርቅን ይዘው ወደ በሉጡ ዛፍ ሄደው በቢላ የተቆረጠበትን ቦታ ቆፈሩ። እንቁላል የሚመስል ነጭ ከረጢት ከአፈሩ ወጣ። አቶ ሃጋይ ከረጢቱ የገዳዩ እንጉዳይ ምልክት መሆኑን በቀስታ አስረዷቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ያን ከረጢት እስከ ዕለተ ሞታቸው በሕልማቸው ያዩት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ራሳቸው አቶ ሃጋይን ፈልገው አስተምሩኝ አሏቸው። ዝናብ በጣለ ሰሞን ሁሉ በኢየሩሳሌም ደን አብረው ይዞሩ ነበር። የእንጉዳዩን ባርኔጣ ወረቀት ላይ ደፍቶ የሚረግፈውን ዱቄት ቀለም ማየትን፣ ከባርኔጣው በታች ያለውን ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ መለየትን፣ ማሽተትን ተማሩ። ከዛፍ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የሚወጡትን ደረቅ እንጉዳዮች ግን ከሁሉ አብልጠው ይወዷቸው ነበር፤ ከመሬት በታች የሚደብቁት ነገር ስለሌላቸው ነው። ከቤታቸው አጠገብ ባለ አሮጌ ዛፍ ላይ እንዲህ ያለው ሲወጣ፣ ዛፉ ለምለም ቢመስልም ውስጡ ሞቷል፤ ልጆች ከሥሩ አይጫወቱ ብለው ዒሪያ፣ ማለትም የከተማው ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄደው አመልክተዋል።

ወሬው ተሰምቶ በከተማው የሚኖሩ ሩሲያውያንም የእኛም አገር ሰዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ደጃቸው ይመጡ ጀመር። ሁሉንም እያገላበጡ መርዛሙን ይጥላሉ፤ የቀረውን ዝም ብለው ይመልሳሉ። ይበላል የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሰዎች ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ መቁጠር ለመዱ፤ አንዳንዶችም የጅብ ጥላ ዳኛ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በእርሳቸው ቤት ግን እንጉዳይ ዳግመኛ አልተበሰለም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሃዳስ ከደጅ ቆማ የጫማዋን ጭቃ ስታራግፍ ይሰማቸው እንደ ነበር ተናግረዋል፤ በሩንም ይከፍቱላት ነበር። ከዚያ ገዳሙን አስፈቅደው ወደ በሉጡ ይሄዱና ነጩን እንጉዳይ ከነከረጢቱ ቆፍረው ያወጡታል። በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይበቅላል። አቶ ሃጋይ ዋናው አካሉ ከዛፉ ሥር ጋር ስለ ተጠላለፈ አይጠፋም ብለው ቢነግሯቸውም መሄዳቸውን አልተዉም።

ይህን ታሪክ የምትጽፈው ሕብረት እናቷ በበሽታ እንደ ሞተች ታውቅ ነበር እንጂ በምን እንደ ሆነ አታውቅም ነበር። የሠራዊት አገልግሎቷን ስትጨርስ ወይዘሮ የሻሽወርቅ አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯት፤ ሃዳስ የተናገረችውን ሳይቀር ነገሯት። ይቅርታ ግን አልጠየቋትም። “ይቅር በይኝ” የሚለውን ቃል ሃዳስ ያለ ጥፋቷ ስለ ተናገረችው፣ እኔ በምን አፌ እለዋለሁ ይሉ እንደ ነበር ኋላ ከንስሐ አባታቸው ተሰምቷል። ሕብረት ተቆጥታ ቤቱን ለቃ ወጣች፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰችም። በተመለሰችም ጊዜ ስለዚያ ነገር ሁለቱም አላነሡም። እንዲሁ ዓመታት አለፉ፤ ወይዘሮ የሻሽወርቅም ሳይታረቁ መሞትን ይፈሩ ነበር።

በልብ ድካም ሕመም ሲረዱ ቆይተው በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ሆስፒታል ገቡ። ሕብረት ዛሬ እናቷ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ እንደ ጣለ ወደ ደኑ ሄዳ፣ ከጥድ ሥር የሚወጣውን፣ ከባርኔጣው በታች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያለውን ቡናማ እንጉዳይ ከነሥሩ ነቅላ አልጋቸው ድረስ አመጣችላቸው። አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ ሥሩን በጣታቸው ዳበሱት። ብዙ ቆይተውም “ይበላል” አሉ።

ሕብረት ቤት ሄዳ ሠርታ በላች፤ ተመልሳም እጃቸውን ይዛ “እትዬ፣ የእርስዎንም በላሁብዎት” አለቻቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አሉ። አቶ ሃጋይ በስልክ፣ ሐኪሞቹም በአካል፣ ይህ እንጉዳይ መርዝ የለውም ቢሏቸው አልተቀበሉም፤ ሻል ማለት አንድ ጊዜ ያታለላቸው ሰው ናቸውና። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ልጅቱን በየጊዜው እያስጠሩ ዓይኗንና ምላሷን ያዩ ነበር። ሃዳስ ሻል ብሏት የተታለሉበትን ያህል ጊዜ ሁሉ አልፎ፣ ሕብረት ከሥራዋ ደኅና ወደ ሆስፒታሉ መጥታ ራበኝ ስትል በጆሯቸው ሰሙ። ያን ሌሊት ተኙ፤ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይም በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ እንደ ልጃቸው ያሳደጓትን ሕብረትን ትተው አልፈዋል። ለሐዘኑ ለመጣችሁ ሁሉ ከቀብር በኋላ የጾም ማዕድ ተሰናድቷል፤ በማዕዱም የጥድ እንጉዳይ ወጥ ይቀርባል። የፈራ አይገደድም። የእርሳቸው ድርሻ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ተከድኖ አይቀመጥም።

ሥሩም ቅርንጫፉም በፊቱ የተገለጠ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ እየሳቀች ከምትጠብቃቸው ከእኅታቸው ከሃዳስ ጋር ያገናኝልን። አሜን።