በእናቴ መቃብር ላይ ስለበቀለው የተከበረ አኻያ

ለክቡር የደሴቶች መሬትና ዕፅዋት ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፤
በደቡብ ከተማ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ አሉ የሚባሉት አበቦችስ ደህና ናቸው? እኔ ኡላዩክ፣ እርስዎ በሚጠብቋት በዚህች ደሴት ተወልጄ ቆዳ እየፋቅሁና ዓሣ እያደረቅሁ ስድሳ አንድ ዓመት የኖርኩ ሴት፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ በፖስታ ልኬ መልስ ያላገኘሁባቸው አራት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ብርድ መቷቸው ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከሰማይ ተነሥቶ ስለላኩልን ትልቅ ፎቶግራፍ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በመደብሩ በር ላይ ለጥፈነዋል። «ደሴታችሁ አረንጓዴ ለበሰች!» ይላል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ልጅ ሳለሁ አኻያ ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም ነበር፤ ነፋሱን ፈርቶ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚኖር ትሑት ዛፍ ነበር። ዛሬ ቆሜ ትከሻዬን አልፎኛል። አጋዘኖች ክረምቱን እየበሉ የሚያልፉበት፣ ዓለት ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት በጥላው ታፍኖ ጠፋ፣ አጋዘኖቹም ተከትለውት ጠፉ። ለስብ መብራታችን ፈትል የምንለቅመው ነጩ ጥጥ ሣር የሚበቅልበት ረግረግ ደርቆ፣ ባለፈው ዓመት ቀኑን ሙሉ ዞሬ የለቀምኩት አንድ እፍኝ አልሞላም። እርግጥ ነው፣ ከላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ። እናቴ ኢቫሉ ካረፈች ሠላሳ አራት ዓመት ሆናት። ከባሕሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስንቀብራት መሬቱ በጋም ክረምትም የማይለቅ በረዶ ነበርና፣ ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፍረው ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። «እዚህ ያስቀመጡት አይነቃነቅም፤ በሰላም ትተኛለች» አሉኝ ሽማግሎቹ። ቆይቶ አኻያው መቃብሯ ላይ ወጣ። ነፋስ ጠርጎ ይወስደው የነበረውን በረዶ ቅርንጫፎቹ ይዘው ያስቀሩታል፤ የተከመረው በረዶ እንደ ብርድ ልብስ መሬቱን ያለብሰዋል፤ ክረምቱን ብርድ ያላገኘው መሬት በበጋ ይላሽቃል፣ ይንሸራተታል። ይህን ለማወቅ ስድስት ፎቅ መውጣት አያስፈልግም፣ እግር ያለው ሁሉ ረግጦ ያውቀዋል። ከአራት ዓመት በፊት የእናቴ መስቀል ወደ ባሕሩ ማዘንበል ጀመረ።

መጥረቢያዬን ካነሣሁ በኋላ ሕግ አክባሪ ነኝና አስቀምጬ ፈቃድ ጠየቅሁ። በዚህ ጥብቅ ስፍራ «ማንኛውንም አገር በቀል ተክል መቁረጥም ሆነ መንቀል ክልክል ነው» ብላችሁ ከአርባ ዓመት በፊት የወጣውን ደንብ ላካችሁልኝ። ደንቡ ሲጻፍ አኻያው የእግሬን ጣት ነበር የሚያክለው፤ ዛፉ አደገ፣ ደንቡ እዚያው ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኝ ያልኩት ራሴን ነው፤ ወረቀቱ የእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ዛፉ የማይነካ ከሆነ እናቴን ላንሣትና ዓለታማው ቦታ ላይ ላሳርፋት ብዬ አመለከትኩ፤ እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት በአደባባይ አምናለሁ። ቅጹ «የሟች ስም» ሲለኝ «ኢቫሉ፣ እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። «ፈቃዱን የሚሰጥ የቅርብ ዘመድ» ሲለኝም «ኢቫሉ፣ እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ የሟች ስም ብርድ ላይ አይጣልም፤ ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጣል፣ ስሙን የወሰደው ልጅም ያንኑ ሰው ይሆናል። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ወር ጎረቤታችን ወንድ ልጅ ወለደች። ስለዚህ እናቴ ዛሬ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ጢም አለው፣ መረብ ይጥላል። እኔ «እማዬ» እለዋለሁ፣ እሱም በር ላይ ሲያገኘኝ «ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ይለኛል። መቃብሩ የእሱ ነውና እሱን አስፈረምኩት።

ቢሮዎ ሲመልስ «ሟች በማመልከቻው ላይ ስለፈረሙ በሕይወት እንዳሉ ይቆጠራል፤ በሕይወት ያለ ሰው አጽም ሊነሣ አይችልም» አለ። ሳነብለት ኢቫሉ መረቡን ጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ኧረ ልጄ! በአንድ ማኅተም ከሞት አስነሡኝ እኮ! ቄሱ ይህን ቢሰማ በቅናት ይሞታል!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ረስቼ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ «ጎረቤት» ብዬ ሞላሁ፤ ጎረቤት ዘመድ አይደለም ተባልኩ። በሦስተኛው ኢቫሉን ጨርሼ አጠፋሁና ብቻዬን ፈረምኩ። የሰማ ዕለት አልሳቀም። «ሰረዝሽኝ?» አለኝ። «ለመቃብሩ ብዬ ነው፣ እማዬ» አልኩት። «እኔን ሰርዘሽ የማንን መቃብር ነው የምታነሺው?» ብሎኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በበሬ ሲያልፍ ምን በላሽ ብሎ አልጠየቀኝም። እናትና ልጅ ስንኮራረፍ ያ የመጀመሪያችን ነው፤ ለዚህም ክብርዎን እጅ እነሣለሁ። እርስዎ ዘንድ ጉዳዩ «እየታየ» ነበር።

አራተኛ፣ በነሐሴ ሦስት ቀን ሙሉ ያላባራ ዝናብ ዘነበ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተዳፋቱ በእናቴ በኩል ተንዶ ሄደ። አኻያው፣ መስቀሉ፣ የእናቴ ሣጥን፣ ሁሉም አንድ ላይ ባሕሩ ዳር ወረደ። ሣጥኑ ተከፍቶ ነበር። እኔን ሴቶቹ ይዘው አስቀሩኝ፤ ወንዶቹ ሊወርዱ ሲሉ ኢቫሉ «ተዉ፣ የራሴን አጥንት ራሴ እለቅማለሁ» ብሎ ብቻውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። እየለቀመ በገዛ ካፖርቱ ጠቀለላት። ግራ እጇን አላገኘውም፤ ማዕበሉ ቀድሞታል። ከዚያ መጥቶ ጭቃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና «አታልቅሺ ልጄ። የትም አልሄድኩም። ዛሬ ምን በላሽ?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ተዳፋቱ ላይ የቀሩት አሥራ አንድ መቃብሮች ናቸው፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም አኻያ አብቅለዋል። የበረዶው ክረምት ሳይገባ እንድንመነጥረው ይፍቀዱልን። ካልፈቀዱም ለክብርዎ ስል አስቀድሜ ላሳውቅዎ፦ መጥረቢያዬን ስያለሁ።

ለአበቦችዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቅርንጫፍ ያላጎደልኩ የደንብዎ ታማኝ አገልጋይ፣

ኡላዩክ፣ የኢቫሉ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የሐሙሱ አውሮፕላን እናቴን እንዳነሣ የሚፈቅደውን ወረቀትዎን ይዞልኝ መጣ። በመቃብሩ ላይ ያለው ተክል ሳይጎዳ ወደ ቦታው እንዲመለስ ግዴታ አስገብቶኛል። ተክሉ ሳይጎዳ፣ ከነሥሩ፣ ባሕሩ ዳር ተጋድሟል፤ ቦታውን የሚያገኝ ሰው ይላኩና ይመልስልን። ወረቀቱን የተረከበ ይፈርም ስለሚልም እናቴ ፈርማለች። ከመጀመሪያው ፊርማዋ ጋር ሲያመሳክሩት ትንሽ ቢለይብዎ አይጠርጥሩ፤ የዚያን ዕለት ጭቃው ውስጥ ብዙ ስለቆየች እጇ ገና ይንቀጠቀጣል።