በቁም ሣጥንዎ ውስጥ ስላበጠው ናሙናችን

ለተከበሩ የእርሻ ግብዓት ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ኃላፊ

የእህቴ የቲማቲም ችግኞች ሦስተኛው መደብ ቢጫ ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ትናንት ጠዋት ደርቆ ተገኘ። የቀረው አንድ መደብ ነው።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ባለፈው ስመጣ ለምልሞ ያየሁት የመስኮትዎ አበባ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

እህቴ በሙያዋ የአፈር ኬሚስት ናት። መሬቷ አሸዋማ በመሆኑ ማዳበሪያው ከውኃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል፤ ችግኙ ሳይቀምሰው ያልፋል። ስለዚህ ከተልባ ዝልግልግ ፈሳሽና ከድንች ስታርች ሃይድሮጀል ሠራች፤ ሲደርቅ እንደ ስኳር ቅንጣት የሆነ፣ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ በውስጡ የያዘውንም ምግብ ለሥሩ ጥቂት በጥቂት የሚለቅ። ተቆጣጣሪዎችዎ ፈቃድ የለውም ብለው ቅንጣቱ የተከማቸበትን መጋዘኗን አሸጉባት። ሕግ ነውና አልተከራከርንም፤ ናሙና ይዘን መጣን። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ናሙናችንን ጣሪያው በሚያፈስበት ክፍል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ዝናቡ ሲገባ ናሙናው አብጦ በሩን ገፍቶ ወለሉ ላይ ወጣ። ቢሮዎም ካስመዘገብነው በላይ ናሙና በድብቅ ለምን እንዳስገባን ማብራሪያ ጠየቀን። እህቴ የጨመረው ውኃ ነው ብላ ብታስረዳ፣ የመዝገብ ክፍሉ ሹም «የኔ እመቤት፣ ውኃማ ይፈሳል እንጂ ተቆልሎ አይጠብቅም» ብለው አስተማሯት።

፪. አዲስ ናሙና ስናመጣ ቤተ ሙከራዎ እንደ ማንኛውም ማዳበሪያ ለአንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክሮ መረመረውና፣ የያዘውን ቶሎ አልለቀቀም፣ ደካማ ነው ብሎ ጣለው። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ነገር ቀስ በማለቱ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። ቀስ ማለት ጥፋት መሆኑን ደግሞ ከእርስዎ ቢሮ እሰማለሁ ብዬ ፈጽሞ አልጠበቅሁም።

፫. ይግባኛችንን ተቀብለው፣ ቦርዱ የሚሰበሰበው የተከላው ወቅት ካለፈ በኋላ መሆኑን አስቀድመው ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። በከንቱ ከመጓጓት አድነውናል።

እህቴ አሁን በመደቦቹና በታሸገው መጋዘን መካከል ወንበር አውጥታ ትውላለች። «ወንድምዓለም፣ ማሸጊያውን ልበጥሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከበጠሰችው ፈቃዱን ለዘለዓለም ታጣለች፤ ካልበጠሰችው የቀሩትን ችግኞች። ተነሥቼ የቀረውን መደብ ውኃ አጠጣሁላት። ውኃው አሸዋውን አልፎ ሄደ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የአንዱ መደብ ባለቤት ወንድም

በድጋሚ፦ የመስኮትዎን አበባ ባደንቅላቸው ጊዜ ጸሐፊዎ ምስጢሩን ነገሩኝ፤ ያኔ ወለሉ ላይ የወጣው ናሙና፣ ቆሻሻ መጣያው ሞልቶ ስለነበር፣ የአበባው ማስቀመጫ ውስጥ ተገልብጧል። እርስዎ ለስብሰባ ርቀው በሰነበቱበት ጊዜ ሁሉ ማንም ሳያጠጣው እንደለመለመ ነው አሉ። ፈቃድ በሌለው ግብዓት የለማ ተክል በመሆኑ አበባውም ይታሸግ እንደሆነ፣ ቦርዱ በመጪው ወር አጋማሽ ሲሰበሰብ ከይግባኛችን ጋር አብሮ እንዲወስንልን በትሕትና አመለክታለሁ።