ለመምህር ይመር ምስክር ስሆን

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ዕረፍቴ ስለነበር ሰቢል ሰፈር፣ ጓደኛዬ ከድጃ ክፍል ዋልኩ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ምርጥ መምህር ሊሸልም ነው፤ ኬሚስትሪ ያስተማረን መምህር ይመር ታጭቷል። የድሮ ተማሪዎቹ ምስክርነታችንን በእጃችን ጽፈን፣ ፎቶ አንስተን ዛሬውኑ እንድንልክ ተጠየቅን።

ስለ እሱ መጻፉስ አልከበደኝም። አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የሙከራዬ ቀለም አልቀየር ብሎኝ ላለቅስ ስል መጥቶ፣ «ጎሽ! ኬሚስትሪ ገና አሁን ጀመርሽ» አለኝ። ስንሳሳት ገጽ መቅደድም ማጥቆርም አይፈቅድልንም ነበር። «አንድ መስመር ብቻ አሳልፉበት። የተሳሳታችሁትም ይነበብ» ይላል።

የከበደኝ መጨረሻ ላይ ጻፉ የተባልነው «የአሁን ሥራ» ነው። እውነቱን ብጽፍ ሽልማቱን የማስቀርበት መሰለኝ። «ኬሚስት» ብዬ ጻፍኩና ፊቴ ጋለ።

ከድጃ አንብባው በሳቅ ሞተች። «ወላሂ፣ ማዳምሽ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ደባልቃ በመርዛም ጭሱ ቤተሰቡን ልትፈጅ ስትል ያስጣልሻት አንቺ አይደለሽም? ማን አስተማረሽ? እሱን ጻፊው እንጂ! ያላ!»

እውነቷን ነው። የማዳምን ጉድ አንድ በአንድ ጻፍኩት፤ እየሳቅኩ። ከዚያ «ኬሚስት» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሳለፍኩና ከጎኑ «የቤት ሠራተኛ፣ ጅዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ከድጃ በንጹህ ወረቀት እንድገለብጠው ሌላ አቀበለችኝ። አልተቀበልኳትም። ፎቶ አንስቼ እንዳለ ላክሁት።

ሁለቱም ይነበባል።