እኔና ልጄ የአተም ትስስር ስንማር

ሰኞ

ሶዲየም ምን ሆኖ ነው ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው? መምህር ጌታሰው ሰሌዳው ላይ ክብ በክብ ላይ ሲስል አመሸ፤ ገለበጥኩት እንጂ አልገባኝም። መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ዘጠነኛን ያቋረጥኩት ከማክሰኝት አግብቼ ጎንደር ስመጣ ነበር። አሁን በማታው ቀጠልኩ። ልጄ ማኅደር እዚያው ትምህርት ቤት በቀኑ ፈረቃ ዘጠነኛ ናት። መምህራችን አንድ፣ ምዕራፋችን አንድ።

እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። ከስልኳ ቀና ሳትል «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል እማዬ?» አለችኝ።

ማክሰኞ

ምስር እየለቀምኩ ሰፌዱ ላይ በጠመኔ ክብ ሠራሁና ፍሬውን እንደ ኤሌክትሮን ደረደርኩ። ለሶዲየም ከውስጥ ሁለት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ዳር ላይ አንድ። ለክሎሪን ዳሩ ላይ ሰባት። የሶዲየሟን አንድ ፍሬ ወደ ክሎሪን ሳሻግራት ሁለቱም ውጫቸው ስምንት ስምንት ሆነ። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ጨው ማለት ይኸው ነው። ስንት ዓመት ወጥ ውስጥ ስጨምረው ኖሬ!

ባለቤቴ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየኝና «ምስሩ ዛሬ አይደርስም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እሱስ ሸጋ ነው፣ አይከለክለኝም።

ረቡዕ



ፊት ለፊት ልቀመጥ ብዬ ቀደም ብዬ ሄድኩ። የቀን ተማሪዎቹ ገና እየወጡ ነበር። ማኅደርን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በር ላይ አየኋትና ጠራኋት። አንዷ ልጅ የአገጬን ንቅሳት እያየች «ማናት?» አለቻት።

«ሠራተኛችን ናት። ቁልፍ ልትሰጠኝ መጥታ ነው።»

እጇን ዘረጋች። እኔም ቁልፉን ሰጠኋት።

ሐሙስ

በእሷ አይደለም የምናደደው፤ በራሴ ነው። ምን አስሰጠኝ? ምነው «እናቷ ነኝ» አላልኩም? የወለድኩ፣ ያጠባሁ፣ ያን ዩኒፎርም በእጄ ያጠብኩ እኔ አይደለሁም?

መሪጌታ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩት። ብነግረው ይቆጣታል፤ ከተቆጣት ደግሞ ይበልጥ ትጠላኛለች።

ክፍል ውስጥ ኮቫለንት የሚባለውን ተማርን። እዚህ ላይ ሰጪም ተቀባይም የለም፣ ኤሌክትሮኑን በጋራ ይይዙታል። እየመረረኝም ቢሆን ገባኝ።

ዓርብ

ፈተና። የውሃን ትስስር በሥዕል አሳይታችሁ አብራሩ ይላል። ሥዕሉን ሠራሁት፤ እንግሊዝኛው ግን ጠፋብኝ። መምህሩን በአማርኛ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጻፊው እትዬ፣ አነበዋለሁ» አለኝ።

ጻፍኩ። ኦክስጅን ሁለት ይጎድለዋል፣ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን አንድ ይጎድለዋል፣ ማንም ሳይሰጥ ተጋርተው ይሞላሉ። ስወጣ እግሬ ቀለለኝ።

ከማኅደር ጋር አሁንም «ብዪ»፣ «በላሁ» ብቻ ነው።

ሰኞ

መምህር ጌታሰው የኔን ወረቀት ለቀን ተማሪዎቹ እንዳሳየ ራሱ ነገረኝ። «የማታ ተማሪ ናት፣ የልጆች እናት» ብሏቸው ስሜን ጠርቷል። ማኅደር በዚያው ፈተና የውሃውን ጥያቄ ስታለች። ውሃን እንደ ጨው ሰጪና ተቀባይ አድርጋ ነው የሠራችው።

ደብተሯንና የፈተና ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «አስረጂኝ» አለች።

«ሠራተኛ ምን ታውቃለች?» አልኳት። ሳላስበው ወጣ። ከወጣ በኋላም አልቆጨኝም።

ደብተሩን ዘጋችው። «ፈርቼ ነው» አለች።

«ምኑን?»

«እንዳይስቁብኝ።»

ደብተሩን ከፈትኩና አስረዳኋት። ድምፄ ግን የባዳ ድምፅ ነበር፣ ለራሴም ተሰማኝ። ገባት። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም።

ማክሰኞ

በሩ ላይ ከነዚያው ልጆች ጋር ቆማለች። ሳያት ልመለስ አማረኝ። ነጠላዬን ወደ አገጬ ሳብ አደረግሁና አፈርኩ፣ መልሼ ለቀቅኩት። እንዳላየሁ ሆኜ ላልፍ ስል ከመካከላቸው ወጥታ መጣች። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ወስዳ እስከ ክፍሌ በር አደረሰችኝ።

በነሱ ፊት እማዬ ብላ አልጠራችኝም። ምን እንዳለቻቸውም አላውቅም። ለሠራተኛ ግን ቦርሳ የሚይዝ የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁና ገባሁ።